ለገጠር ዘመድ ብሩን በእጁ መስጠት ይሻላል ወይስ በሬ ገዝቶ መስጠት?

የይርባ ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። አጎቴ ቦርቻ ውስጥ ሁለት ጥማድ መሬት አለው። በቆሎና ቦሎቄ ይዘራል፣ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ እንሰት አለ። ቤተሰቡ ሰባት ነው። ዘንድሮ በቆሎው የካቲት ሳይጋመስ አለቀ።

እኔና ሁለት ወንድሞቼ እዚሁ ሐዋሳ ነን፣ እህታችን ቤይሩት ናት። እስካሁን አንዱ አምስት መቶ፣ አንዱ ሺህ ብር ሲመቸው ይልካል፤ ምን ላይ እንደዋለ ሳይታወቅ ያልቃል። አሁን ተሰባስበን 60 ሺህ ብር አዋጥተናል። ታላቅ ወንድሜ «በሬ ገዝተን እንስጠው፤ ብር እጁ ከገባ ግማሹ የጫት ነው» ይላል። እህቴ ደግሞ «የጎደላቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ስጧቸውና ተዉአቸው» ትላለች። ሁለት ሳምንት በስልክ ተነታረክን። ቤታችሁ በቀጥታ ገንዘብ የደረሰው ካላችሁ ምን እንደተለወጠ ንገሩኝ። በአንድ ጊዜ ይሻላል ወይስ በየወሩ? በማንስ ስም?

የአለታዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ እናቴ ናት ትዝ ያለችኝ። እኔ የአለታ ወንዶ ገጠር ልጅ ነኝ፤ አሁን እዚህ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሰኔ 2011 ላይ አንድ ድርጅት በቀበሌያችን ለተወሰኑ ቤተሰቦች በሁለት ዙር 16 ሺህ ብር ሰጥቶ ነበር። መጀመሪያ 9 ሺህ፣ ኅዳር ላይ 7 ሺህ። እኛ ከደረሳቸው ነበርን።

ከዚያ በፊት እንዴት እንኖር እንደነበር ካልነገርኩህ ብሩ ምን እንደሠራ አይገባህም። ያለን ቡናና እንሰት ነው። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም። በዚያ መሀል ሰው ከታመመ አባቴ ወደ ቡና ሰብሳቢው ይሄዳል። ሰውየው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ የሆነውን ቡና በኪሎ 6 ብር ሂሳብ አስቀድሞ ይከፍለዋል። ኅዳር ላይ እሸት ቡና 13 ብር ሲሸጥ እኛ ለቅመን፣ ተሸክመን፣ ለእሱ አስረክበን ባዶ ጆንያ ይዘን እንመለሳለን። ለሚመጣው ክረምት የሚተርፍ ስለማይኖር ሐምሌ ሲገባ ያው ሰውዬ ደጅ ነን።

እንሰቱም እንደዚያው። እንሰት በደንብ እንዲሰጥ ዓመታት መቆየት አለበት። በ2010 ክረምት እናቴ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላቸውን 11 እንሰቶች ቆረጠች። ቁጥሩን የማውቀው አብሬያት ስለፋቅሁ ነው። ሳንቃው ላይ አስደግፈን በቀርከሃ መፋቂያ ስንፍቅ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነበር። የአሥራ አንዱ ተጠራቅሞ የአንድ የደረሰ እንሰት ያህል ቆጮ አልወጣውም። እናቴ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ብሩ የመጣው በእሷ ስም ነው፣ ቀበሌ አዳራሽ በአሻራዋ ፈርማ ተቀበለች። መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ተያይዛ መጣች። ማታ በር ዘግተን በኩራዝ ሰሌን ላይ ቆጠርነው። አባቴ «ወይፈን ገዝተን እናደልብ» አለ። እናቴ «እስኪደልብ ልጆቹ ምን ይብሉ?» አለችው። ሁለት ሌሊት ተከራከሩ፤ እኔ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ 1,500 ብር ይዞ ሰብሳቢው ጋ ሄደ። ግንቦት ላይ ለአያቴ መድኃኒት የወሰድነው ነው፣ በቡናው የሚታሰብ። ሰውየው «የተነጋገርነው ቡና ነው፣ ብር አልቀበልም» አለ። ሽማግሌ ገብቶ ነው የተቀበለው። አባቴ ሲመለስ ቤት አልገባም፤ መጀመሪያ ቡናውን ዛፍ በዛፍ ዞሮ አየው።

ከዚያ ሁለት ኩንታል በቆሎ፣ አንድ ያረገዘች በግ፣ የሦስታችን ደብተርና ዩኒፎርም ተገዛ። እኔ ያን ክረምት ለሰው ቤት ሥራ ሐዋሳ ልመጣ ከደላላ ጋር ተነጋግረውልኝ ነበር። 17 ዓመቴ ነው። መስከረም ላይ እናቴ ደብተሬን ሰጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሰደደችኝ፤ የደላላውን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም ቤታችን ውስጥ አላነሳውም። ያን ክረምት አንድም ያልደረሰ እንሰት አልተቆረጠም፤ ኅዳር ላይም ቡናችንን ራሳችን በገበያው ዋጋ ሸጥን።

ሁሉም ነገር አማረ አልልህም። በሁለተኛው ዙር አባቴ ጊደር ገዛ፣ ጥር ሳያልቅ ሞተችበት። በሬ ለሚለው ወንድምህ ይህን ንገርልኝ፤ ያለ የሌለ ብርን አንድ እንስሳ ላይ መጣል ያስፈራል። ደግሞ ብሩ ያልደረሳቸው ጎረቤቶች ቅር ብሏቸው ቡና ስንጠራቸው መምጣት ተዉ። ይህ እናቴን ከረሃቡ እኩል ነው ያመማት። ስለዚህ ስትሰጡ ድምፅ አታሰሙ። በእኔ ግምት ትልቁን አሁን፣ መሬቱ ሳይታረስ፤ የቀረውን ግንቦትና ሰኔ ላይ። ስሙ የሚስቱ ቢሆን እወዳለሁ፤ ነገር ግን እሱ ሳያውቅ አይሁን፣ ቤት ይበጠብጣል።

ዲኤ ነበርኩ

እህቴ የቡናውን በደንብ አስረድታለች። በቆሎ አገርም ያው ነው፣ መልኩ ብቻ ይለያል። ቦርቻ አካባቢ ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ሆኜ ስሠራ ብዙ ያየሁት ወለድ አገድ ነው። ገበሬው ለሕክምና ወይም ለለቅሶ ብር ሲያጣ አንዱን ጥማድ ይሰጥና ብሩን እስኪመልስ አበዳሪው እያረሰ ይበላል። ለዘመድ ደግሞ አይነገርም፣ ያሳፍራል። ከሰው እጅ የገባ መሬት ካለ ከምንም በፊት እሱ ይመለስ፤ ካልሆነ በሬው የሚያርሰው የሰው መሬት ነው።

ሌላው፣ በሴፍቲኔት ታቅፈው እንደሆነ ጠይቅ። ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች ከ1997 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፤ መሥራት የሚችል ሰው በወር አምስት ቀን የአካባቢ ልማት ይሠራል፣ አቅመ ደካማውና ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ካሉበት ክፍያው የሚመጣባቸውን ወራት ለይታችሁ የእናንተን ብር በባዶዎቹ ወራት አድርጉት። ደግሞ አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ግዙላቸው። በቆሎ በመከር ወቅት በርካሽ የሚሸጠው ነቀዝ ስለሚፈራም ጭምር ነው።

ታቦር ሥር

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የጫቱን ስጋት በተመለከተ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ምዕራብ ኬንያ ራሪዬዳ በሚባል ቦታ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለ ድርጅት ለድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ በኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ብር ላከ፤ ሃውስሆፈርና ሻፒሮ የተባሉ ተመራማሪዎች አጥንተው በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተሙት። ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣው ወጪ አልጨመረም። በየወሩ የተከፈላቸው ይበልጥ የምግብ ዋስትናቸው ነው የተሻሻለው፤ በአንድ ጊዜ የተሰጣቸው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለ ዘላቂ ነገር ወደ መግዛቱ አዘነበሉ። ስለዚህ የአለታዋ እህታችን ያለችው ከፋፍሎ መስጠት ሁለቱንም ይይዛል።

ሲያያ በሚባለው የኬንያ አውራጃ በ653 መንደሮች በተሠራው ጥናት ደግሞ ከ10 ሺህ በላይ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ገደማ ተሰጣቸው። ብሩ ያልደረሳቸው ጎረቤቶችም ገቢያቸው ከፍ አለ፣ ምክንያቱም ተቀባዮቹ የሚገዙት እዚያው ሰፈር ነው፤ የገበያው ዋጋ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። የእኛ አገር ገበያና መንገድ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ሰው ብር ሲያገኝ ያባክናል የሚለው ፍርሃት በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

የይርባ ልጅ (ሐዋሳ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዲኤ ነበርኩ ያልከው ወንድሜ፣ አንተ የጻፍከውን አንብቤ ማታ ደወልኩ። አጎቴን ሳይሆን ባለቤቱን አገናኙኝ አልኩ። መጀመሪያ ፈራች። ኋላ ነገረችኝ፤ አንደኛው ጥማድ ከሰው እጅ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ትልቁ ልጅ ታሞ በተኛ ጊዜ 18 ሺህ ብር ተወስዶበታል። አጎቴ በየበዓሉ ቤታችን እየመጣ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍሮ ዝም አለ። እኛ የምንልከው አምስት መቶና ሺህ ብር ደግሞ የራሳቸው መሬት ይሰጣቸው የነበረውን በቆሎ ከገበያ ሲገዙበት ያልቅ ነበር። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጫት ነው ስንል የከረምነው እኛ ነን።

ወንድሜ ሲሰማ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «በሬው ይቆይ» አለ። 18 ሺሁ መሬቱን ያስመልሳል፣ ከመጋቢት መጨረሻ በፊት መሆን አለበት፣ ያኔ ዘር ይገባል። የዘርና የማዳበሪያውን አብረን እንሰጣለን። የቀረው ለእሷ፣ ለግንቦትና ለሰኔ። ስልክ የላትም፤ ስልክና ሲም ካርድ በስሟ አውጥተን ቴሌብር እንከፍትላታለን። ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እወርዳለሁ።

የአለታዋ

ብሩን ለሰውየው ስትከፍሉ ሽማግሌዎቹ ፊት ይጻፍ፣ ይፈረምም፤ አባቴ በቃል ብቻ ጨርሶ ሰውየው በዓመቱ ሌላ ነገር አምጥቶበት ነበር። ደግሞ ጓሮ ዞር ብለህ ስንት እንሰት እንደቀራቸው፣ ትንንሾቹ ስንት እንደሆኑ ቁጠርልኝ። ስትመለስ እዚሁ ጻፍልን።