ሆዴን ነፋኝ፤ ነጭ አዝሙድ እዚህ ምን ይባላል?

ከፍራንክፈርት፦
ሰላም ወገኖች። ጀርመን ከገባሁ ሰባተኛ ወሬ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ሆድ ሕመም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። እዚህ ግን ማታ ማታ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ቀበቶዬን ፈትቼ ነው እራት የምጨርሰው። ቀን ደግሞ የቋንቋ ክፍል ውስጥ ሁሉም ጸጥ ሲል የኔ ሆድ ይጮኻል። አጠገቤ የምትቀመጠው ሶርያዊት ለምዳው መሳቅ አቁማለች።

እናቴ በስልክ «ነጭ አዝሙድ ሰበር ሰበር አድርጊና አፍልተሽ ጠጪ» አለችኝ። ሱፐርማርኬት ሄጄ፣ ስልኬ እንደተረጎመልኝ አንድ ብልቃጥ ገዛሁ። ሳፈላው ቤቱ ሁሉ የቱርክ ምግብ ቤት ሸተተ። የእናቴ እንዲህ አልነበረም። ምን ገዝቼ ነው? ጤና አዳምስ እዚህ አገር አለ? ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እንጂ መድኃኒት አልያዝኩም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ የገዛሽው ከሙን ነው። አይዞሽ፣ እኔም ከ19 ዓመት በፊት ያንኑ ነው የገዛሁት። «ነጭ ከሙን» የሚለው ትርጉም ነው ጉድ የሚሠራን። የኛ ነጭ አዝሙድ ሌላ ነው። ሕንድ ሱቅ ገብተሽ «አጅዋይን» በያቸው። ደቃቅ ፍሬ ነው፤ በጣትሽ ስታሺው ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ሁለቱም ውስጥ ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ ነው። ሕንዶቹም ሆዳቸው ሲነፋ የሚያኝኩት ይህንኑ ነው። ሻጩን ለምን እንደሚሆን ብትጠይቂው ሆዱን እየደባበሰ ያሳይሻል።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ በሙቀጫ ሰበር አድርጊው፤ ዱቄት አይሁን። የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ከድነሽ አሥር ደቂቃ ያህል ተዪው። መክደኑን አትርሺ። ኃይሉ ያለው በሚተንነው ዘይት ውስጥ ነው። ክፍት ከተውሽው የምታክሚው ኩሽናሽን ነው።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። እናትሽ ሽሮ ስታዘጋጅ ሽምብራና አተር ብቻ አይደለም የምታስፈጨው። ነጭ አዝሙድ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ። አንዳንዱ ቤት ጤና አዳምም ይጨምራል። ጥራጥሬ ውስጥ ሰውነታችን መፍጨት የማይችለው ስኳር አለ። እሱ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። እናቶቻችን ባክቴሪያውን ሳያዩት መልሱን ድስቱ ውስጥ ጨምረውታል። እኛ ደግሞ እዚህ መጥተን የቆርቆሮ ምስር ከፍተን፣ ሽንኩርት ብቻ አቁላልተን «ምነው ነፋኝ?» እንላለን። የቆርቆሮ ከሆነ ውሃውን ድፊና እጠቢው። ደረቅ ባቄላና ሽምብራ ከሆነ ሌሊቱን ዘፍዝፊና ውሃውን ቀይሪ። በሁዳዴ 55 ቀን ያለዚህ አይገፋም።

እንጀራሽንም ጠይቂ። እኔ ስምንት ዓመት ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። ጤፍ ውድ ስለሆነ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይደባለቃል። አንዳንዱም ቶሎ እንዲነሳ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን፣ ማስነሻ ያለበትን የስንዴ ዱቄት ይጨምርበታል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ጤፍ በላሁ ብሎ ስንዴ በልቶ ያድራል።

ወተትስ ትጠጫለሽ?

ከኮሎኝ፦
ስለ ቅጠላ ቅጠሉ ብዙም አላውቅም። ግን የምትጠጪው ውሃ የትኛው ነው? ጀርመን ውስጥ ውሃ ስትዪ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልሽ አምቦ ውሃ ነው። እኔ የመጀመሪያ ዓመቴን በቀን ሁለት ሊትር ጋዝ እየጠጣሁ «አገሩ አልተስማማኝም» ስል ነበር። አገር ቤት አምቦ ውሃ ከጥሬ ሥጋ በኋላ አንድ ጠርሙስ ነው፤ አግስተህ ትገላገላለህ። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሽቲል» የሚለውን ፈልጊ። እንዲያውም የቧንቧው ውሃ ይጠጣል፤ ገንዘብሽን አታውጪ።

ሌላ፣ ባለቤቴ «ፌንሸል አኒስ ኩመል» የሚባል የከረጢት ሻይ ቤት አታጣም። በየሱፐርማርኬቱ አለ። ፌንሸል ያው እንስላል ማለት ነው። ጀርመኖቹም ሆዳቸው ሲነፋ የሚጠጡት እሱን ነው።

ከዱባይ፦
እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ስድስት ዓመቴ ነው። ዓረብ አገር ላላችሁ ስሞቹን ልጻፍላችሁ። ማዳምን አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ነው የለቀምኳቸው። ፌጦ «ሐብ ረሻድ» ነው። ጥቁር አዝሙድ «ሐበት በረካ»፣ አብሽ «ሑልባ»፣ እንስላል «ሸመር»። ዝንጅብል «ዘንጀቢል» ስለሆነ አትጠፉም። «ያንሱን» የሚሉት ደግሞ የእንስላል ዘመድ ነው። እኔ ያለሁበት ቤት ከእራት በኋላ ትልቁም ትንሹም እሱን ይጠጣል። ርካሽ ነው፣ ሽታውም ማንንም አይረብሽም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እየወቀጥኩ ሰው ቤት መኖር አልችልማ።

አንድ ነገር፣ ከአገር ቤት ስም የሌለው ዱቄት በላስቲክ ቋጥራችሁ አትያዙ። ኤርፖርት ላይ «ምንድን ነው?» ሲባል «ለሆድ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። የታሸገና ስሙ የተጻፈበት ይሁን።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔን የሚነፋኝ ጥራጥሬ አይደለም። እራቴን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ቆሜ ውጬ ወዲያው ነው የምተኛው። ለዚህ የሚሆን ቅጠል እስካሁን አላገኘሁም።

ከፍራንክፈርት፦
የኮሎኙ ወንድሜ፣ ገደልከኝ። አልጋዬ ሥር አሁን ስድስት ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃ ተደርድሯል። በቅናሽ ስለነበር ነው የገዛሁት!

የወተቱን ጥያቄ ልመልስ። ጠዋት ትልቅ ኩባያ ማኪያቶ፣ ማታ ሲደክመኝ ኮርንፍሌክስ በወተት። አገር ቤት ማኪያቶ ማለት ያቺ ትንሿ ስኒ ነበረች። እና ደግሞ ናና ሻይ ሞክሬ ነበር፤ ሆዴን ቀለል አደረገው፣ ቃሩ ግን ባሰብኝ። ለምን ይሆን?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ናና የአንጀትን ጡንቻ ያላላል፤ ለቁርጠትና ለጋዝ የሚስማማው ለዚህ ነው። ችግሩ ጨጓራ አፍ ላይ ያለውንም ጡንቻ ያላላዋል። ያኔ አሲዱ ወደ ላይ ይመጣል። ቃር ካለብሽ ናናውን ተዪው፤ ዝንጅብል በቀጭኑ ይሻልሻል።

ወተቱን ለሁለት ሳምንት አቁሚና እዪው። ብዙዎቻችን ካደግን በኋላ የወተት ስኳር አይፈጭልንም። እርጎ ይሻላል፤ የተወሰነውን ስኳር ባክቴሪያው ቀድሞ በልቶልናል።

ከነታንያ፦
ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጤና አዳም እዚህ እስራኤል «ፒጋም» ይባላል፤ በረንዳችን ላይ በማሰሮ አለ። ቡና ውስጥ አንድ ዘለላ ማድረግ አይጎዳም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነፍሰ ጡር ግን አትንካው፤ ማኅፀን ያኮማትራል። ቅጠሉን ስትቆርጡም ተጠንቀቁ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። እጄ ላይ እስካሁን ምልክቱ አለ። ደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና አብሹን ከማብዛታችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ኮሶና እንቆቆ ለትል እንጂ ለጋዝ አይደሉም። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

አሁን የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷን በጤና አዳምና በፌጦ ስታክም ኖረች። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄዳ «ልቤን ያቃጥለኛል» አለች። በእሷ አነጋገር ልብ ማለት ከደረት ዝቅ ብሎ ያለው ነው። አስተርጓሚ የሆነው የወንድሜ ልጅ ቃል በቃል ተረጎመው። የልብ ምርመራ ተደረገላትና «ልብሽ እንደ ወጣት ነው» ተብላ ደስ ብሏት ተመለሰች። በሌላ ቀጠሮ ደግሞ «ሆዴን ባሰኝ» ስትል የሆድ ምርመራ ታዘዘላት። እሷ ግን ጎንደር ስለቀረችው እህቷ ነበር የምታወራው! ከዚያ ወዲህ አብሬያት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው «እማ፣ በጣትሽ አሳዪው» ማለት ነው።

በስተመጨረሻ በትንፋሽ ምርመራ የተገኘባት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። እኛ ጨጓራ ብለን የምናልፈው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙዎቻችን በልጅነት ይዘነው ነው የመጣነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ታሞ ነው ነገሩን ያሳየው። እሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ለእናቴ ስነግራት «ምን ያለው እብድ ነው!» አለች። እሷ በ14 ቀን ክኒን ዳነች። ሻይው ጋዙን ያስታግስላት ነበር፤ ባክቴሪያውን ግን አልነካውም።

እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለበት። አለዚያ «የለብህም» ብሎ ሊሸውዳችሁ ይችላል። ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ትውከት ካላቆመ፣ ምግብ አልወርድ ካለ ዝንጅብል አታፍሉ፤ ሂዱ። 50 ያለፋችሁ እናቶች ደግሞ፣ ከዚህ በፊት የሌለ መንፋት መጥቶ አልሄድ ካለ «ጋዝ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። የእንቁላል ዕጢ ካንሰር እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላል።

ከፍራንክፈርት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካለ ሕንድ ሱቅ አጅዋይን አገኘሁ። ገና ከረጢቱን ስከፍተው የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ፤ እዚያው ሱቁ በር ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወተት ካቆምኩ አሥር ቀኔ ነው፤ ውሃውንም ቀይሬያለሁ። ቀበቶዬ አሁን እንደታሰረ ነው የሚያድረው ማለት ይቻላል። ለቃሩ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ በጣቴ አሳየዋለሁ።

ወተቱ ይሁን፣ ውሃው ይሁን፣ አዝሙዱ ይሁን አላውቅም። እናቴን ብትጠይቋት ግን አዝሙዱ ነው።

ከሙኑን ማን ልስጠው? ሙሉ ብልቃጥ ነው።