ከወፍራም ሶል ወደ ስስ ጫማ፦ አምስት ወር ይበቃል?

ሯጯ ከጉለሌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሳምንት አራት ቀን፣ ባጠቃላይ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እሮጣለሁ። ሁለቱ ቀን አስፋልት፣ አንዱ እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ አንዱ ጃንሜዳ ነው። ጫማዬ ተረከዙ ወፍራም የሆነ የተለመደው የልምምድ ጫማ ነው። አሁን ሶሉ ስስ፣ ተረከዙም ከፊቱ እኩል የሆነ ጫማ ልገዛ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳር ላይ በባዶ እግር ልሮጥ አስቤአለሁ። በምን ያህል ልጀምር? የድሮው ጫማ ጭራሽ ይቅር? ኅዳር ላይ ታላቁን ሩጫ በአዲሱ መሮጥስ ይቻላል? አምስት ወር ይቀረኛል። ጉዳት የለብኝም፤ ዳገት በሮጥኩ ማግስት ግን ባቴ ይጠነክራል።

የትራክ አሠልጣኝ፦
እህቴ፣ አምስት ወር ለመልመድ ይበቃል፤ ጨርሶ ለመቀየር አይበቃም። ትንፋሽሽ 35 ኪሎ ሜትር ለምዷል፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። ሳንባ «ገና ነኝ» እያለ ባትና የተረከዝ ጅማት ቀድመው ያልቃሉ። 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ተረከዝ የለመደ ጅማት ድንገት ዜሮ ላይ ሲወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ የበለጠ ይለጠጣል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ አንዱ እግር ብቻውን ወደ 500 ጊዜ ይረግጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሩጫሽን አትንኪው። ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማውን አውልቀሽ ዋዪ። በየሁለት ቀኑ ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ቆመሽ ተረከዝሽን አንሺ፣ ከዚያ አውርጂ፤ ለመውጣት አንድ ሰከንድ፣ ለመውረድ ሦስት ሰከንድ። አንዱን ዙር ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ፣ ሌላውን ትንሽ አጥፈሽ ሥሪው። ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ወደ ታችኛው የባት ጡንቻ ይሄዳል፤ ሩጫ ላይ ብዙ ጫና የሚሸከመው እሱ ነው። በእያንዳንዱ እግር ሳታቋርጪ ከ20 እስከ 25 መሥራት ካቃተሽ ስሱ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።

ሦስተኛና አራተኛው ሳምንት ላይ ከ15 ደቂቃ ሶምሶማ በኋላ ጫማሽን አውልቀሽ ሳር ላይ 60 ሜትር አራት ጊዜ ሩጪ፤ ስትመለሺ በእርምጃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ፍጥነቱ ሙሉ አቅምሽ አይሁን፣ 70 በመቶ ገደማ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ስሱን ጫማ ለ5 ደቂቃ ታደርጊና በተለመደው ትቀጥያለሽ። 5 ደቂቃዋ በሩጫው መጀመሪያ ላይ ትሁን፤ መጨረሻ ላይ ደክሞሽ አረጋገጥሽ ተበላሽቷል። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ትጨምሪያለሽ፤ ስምንተኛውና 12ኛው ሳምንት ላይ ግን ምንም አትጨምሪም፤ እነሱ ሰውነት የሚያገግምባቸው ናቸው። በዚህ ስሌት 12ኛው ሳምንት ላይ 30 ደቂቃ ትደርሻለሽ። ዳገት፣ ፍጥነትና ረጅም ሩጫ ሁሌም በድሮው ጫማ። ስለዚህ አይቅር፤ ሁለቱን እያፈራረቅሽ ነው የምትሠሪው።

ስለ ታላቁ ሩጫ፦ በባዶ እግር አይታሰብም። ሕዝቡ ብዛት አለው፣ ተረጋግጦ ነው የሚኬደው። በስሱ ጫማ የሚሆነው ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት 50 ደቂቃ አስፋልት ላይ ሁለቴ ሮጠሽ፣ በሁለቱም ማግስት ጠዋት ባትሽ ሳይያዝ ከቀረ ብቻ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፦
አሠልጣኙ ያለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ምን ሊበላሽ እንደሚችል ነው። ስስ ጫማ ጫናውን አያጠፋውም፣ ቦታ ያስቀይረዋል። በተረከዝ መርገጥ ትተሽ ወደ ፊት ስትመጪ የጉልበት ጫና ይቀንሳል፤ የባቱ፣ የተረከዝ ጅማቱና ከጣቶች ጀርባ ያሉት ረጃጅም አጥንቶች ጫና ይጨምራል። ጉልበቱን ለሚያመው ሯጭ ይህ ጥሩ ንግድ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ደካማ ቦታ ግን ባትሽ ነው፤ ስለዚህ የተረከዝ ማንሳቱን ሁለት ሳምንት ሳይሆን አራት ሳምንት ሥሪው፣ ፕሮግራሙም በዚያው ልክ ይገፋ።

በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት 36 ሯጮችን ለ10 ሳምንት ተከታትሎ እግራቸውን በኤምአርአይ አይቷል። ባለ አምስት ጣቱን ስስ ጫማ (እያንዳንዱ ጣት ለብቻው የሚገባበትን) ቀስ በቀስ እንዲጀምሩ ከተደረጉት 19 ሰዎች በ10ሩ ላይ በእግር አጥንት መቅኔ ውስጥ እብጠት ጨምሮ ተገኝቷል። «ቀስ በቀስ» ተብለውም ነው ይህ የሆነው።

ሁለቱን ሕመሞች ለይታችሁ እወቁ። ባት በሁለቱም እግር፣ ሰፋ ባለ ቦታ አሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ከለቀቀ ጡንቻው ሠርቷል ማለት ነው። በእግር የላይኛው ገጽ ላይ፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጣት መስመር፣ በአንድ ጣት ጫፍ «እዚህ ጋ» ተብሎ የሚነካ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። እየሮጡ ሲሄዱ የሚብስ፣ በአንድ እግር ሲዘለል የሚወጋ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ እንደሆነ ቆጥራችሁ ያኑ ቀን አቁሙ። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ «ራጁ ምንም የለውም ብሏል» ብሎ መመለስ ስንጥቁን ስብራት ያደርገዋል። ወጌሻ ጋ ሄዶ እዚያ ቦታ ላይ መታሸትም እንደዚያው ነው፤ ማሸት ለጡንቻ እንጂ ለተሰነጠቀ አጥንት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያለ ሩጫ ይጠይቃል።

ለተረከዝ ጅማት መለኪያው ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ የምትረግጫቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች ናቸው። ከትናንት ይልቅ ከጠነከረ የስሱ ጫማ ደቂቃ በግማሽ ይቀነስ።

ከመርካቶ ጫማ ተራ፦
አገዛዙን ልንገርሽ። ዜሮ ተረከዝ ላይ በአንዴ አትውረጂ፤ መጀመሪያ የፊትና የኋላው ልዩነት 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ፈልጊ፣ እሱ ሲያልቅ ወደ ዜሮው ትሄጃለሽ። ልዩነቱን ከውጭ በዓይን መገመት አይቻልም፤ ብዙ ጫማ ላይ የጎኑ ላስቲክ እግሩ ከሚቀመጥበት በላይ ከፍ ብሎ ያታልላል። የሞዴሉን ቁጥር ስልክሽ ላይ ፈልጊው።

የውስጡን ሶል አውጪና ወለል ላይ አድርገሽ ቁሚበት፣ ሙሉ ክብደትሽን ጥለሽ። ትንሿ ጣትሽ ከጠርዙ ከወጣች ጫማው ጠባብ ነው፤ በስስ ጫማ ጣቶች ካልተዘረጉ ዋናው ነገር ቀረ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይቅር። ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ ጠቅልይው፤ በአንድ እጅ ካልታጠፈ «ስስ» የተባለው ለስሙ ነው።

ሰልባጅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ነው የምትገዢው፤ ወፍራም ሶል ላይ ይህ ትንሽ ይሸፈናል፣ ስስ ላይ ግን ቁርጭምጭሚትሽን ይዞ ይሄዳል። ሸራ ጫማ አይሆንም ወይ የሚል ሁሌ አለ፦ ሶሉ ለጥ ያለ ነው፣ እውነት፤ ግን ላስቲኩ ከባድ ነው፣ ፊቱም ጣት ያጣብቃል። ለመራመጃ ይሁን። ኮንጎ (የላስቲክ ጫማው) ይሆናል ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ሰው መልስ የለኝም።

ከሜሪላንድ፦
ይህ ወሬ ሲነሳ አበበ ቢቂላ ሳይጠራ አይቀርምና እኔው ልጥራው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፤ 2:15:16። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ሮጠ። ሁለቱም በጊዜው የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበሩ። ከዚህ «ባዶ እግር ይበልጣል» ማለትም «ጫማ ይበልጣል» ማለትም አይወጣም። የሚወጣው ሌላ ነው፦ ሮም ከመድረሱ በፊትም በባዶ እግሩ ይለማመድ ነበር፤ የውድድሩ ቀን የጀመረው አይደለም።

«ባዶ እግር ጉልበት ይቆጥባል» ለሚሉ ደግሞ፦ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሯጮች ተለክተው ነበር። 150 ግራም ገደማ በሆነ ቀላል ጫማ ሲሮጡ ያወጡት ጉልበት በባዶ እግር ከሮጡት አልበለጠም። ክብደት መጨመር ያደክማል፤ ትንሽ ለስላሳ ነገር ከእግር ሥር መኖሩ ደግሞ ያግዛል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ለሰዓት ብላችሁ አታውልቁ። ለእግር ጡንቻና ለአረጋገጥ ከሆነ ይሁን።

እንደ እኔ ውጭ ላላችሁ፦ ክረምት ላይ በባዶ እግር አስፋልት አይሞከር። ቅዝቃዜ ያደነዘዘው እግር የረገጠውን ጠጠር አይነግራችሁም፤ ቁስሉን የምታዩት ቤት ገብታችሁ ነው።

የጤና ባለሙያ፦
ስለ መሬቱ ማንም አላነሳም። አምስት ወር ከኅዳር ወደ ኋላ ሲቆጠር ሰኔ ነው፤ ልምምዱ የሚጀመረው ዝናብ ሲገባ ነው ማለት ነው። የረጠበ ረጅም ሳር ጠርሙስና ሽቦ ይደብቃል። የምትሮጪባትን 60 ሜትር መጀመሪያ ጫማ አድርገሽ በእርምጃ ሂጂባትና እዪ፤ ሁልጊዜ ያችኑ መስመር ተጠቀሚ። ከብትና ፈረስ በሚውልበት ሜዳ ደግሞ የቲታነስ ክትባት ነገር አለ፤ ካለፈው ክትባትሽ 10 ዓመት ካለፈ ሳትደግሚ አታውልቂ።

በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠሩ ሰዎችን የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ ታውቃላችሁ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው ነው እብጠቱን የሚያመጡት። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ሳር ላይ መሮጥ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ቢሆንም ጭቃው እግር ላይ ደርቆ ቤት አይግባ። በሳሙና ታጠቢ፣ በጣቶችሽ መሃል አድርቂ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለ ቅባት ቀቢው፤ ስንጥቁ እስኪድን ጫማ አድርጊ። ሞቃትና እርጥብ በሆነ ቆላ ያላችሁ ደግሞ መንጠቆ ትልን አስቡ፤ የሚገባው በባዶ እግር ነው። ስኳር ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ከዚህ ልምምድ ጭራሽ ይቅር።

ሯጯ ከጉለሌ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሆን ብዬ በጣቶቼ በኩል ልርገጥ? ባዶ እግሩን ቅዳሜ፣ ረጅሙን ሩጫ እሑድ ባደርግስ?

የትራክ አሠልጣኝ፦
በጣቶች አትሩጪ፤ ባት የሚቀደደው እንደዚያ ነው። የእግርሽ የፊት ክፍል ይንካ፣ ተረከዝሽም ወርዶ መሬት ይንካ። ስለ አረጋገጡ ከማሰብ ይልቅ እርምጃሽን ቁጠሪ፦ ቀኝ እግርሽ በ30 ሰከንድ ስንቴ እንደረገጠ ቆጥረሽ በአራት አባዢው። 40 ከሆነ 160 ነው፤ በዚያው ፍጥነት 42 አድርሺው። እርምጃው ሲያጥር እግርሽ ከፊትሽ ርቆ መሄዱን ይተዋል፣ አረጋገጡ በራሱ ይስተካከላል። ድምፅሽንም ስሚ፤ «ጧ ጧ» ካለ እግርሽን እየጣልሽው ነው።

ቅዳሜና እሑዱ አይሆንም። የደከመ ባት ይዘሽ ረጅም ሩጫ ትገቢያለሽ። ባዶ እግሩን ማክሰኞና ሐሙስ አድርጊው፣ ዓርብ እረፊ፣ ረጅሙ እሑድ ይሁን። እንጦጦ የምትወጪበት ቀን ከሐሙስ ጋር ከተጋጨ እንጦጦን ቅዳሜ አድርገሽ አሳጥሪው፤ ዳገት በማግስቱ ባትሽን እንደሚይዘው ራስሽ ጽፈሻል።