«ከአያት ወሬ የጸዳ» ድርሰት? ኧረ ተዉን!

የሙጋድ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አገር ውስጥም ውጭም ያሉ የደሴ ልጆች ብር አዋጥተው ለዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች የድርሰት ውድድር አውጥተዋል። ርዕሱ «የአካባቢዬ ታሪክ» ነው። ላሸነፈው ልጅ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ የኪስ ገንዘብ ይቆረጥለታል። እሰየው ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን መስፈርቱን ያነበበ ሰው አለ? ተራ ቁጥር 3 ላይ ምን ይላል መሰላችሁ፣ «ድርሰቱ በሰነድ የተደገፈና ከአያት ወሬ የጸዳ ይሁን»። የጸዳ! አያቶቻችን እድፍ ናቸው እንዴ? ለመሆኑ ልጆቹ ሰነዱን ከየት ያምጡት? ደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። ሙዚየሙ ያለበት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ግድግዳው ቆሟል፣ ውስጡ የነበረው ስንት ነገር ግን ተዘርፏል። ግድግዳውን ይጥቀሱ?

ጦሳ ስር፦
ጀመረህ ደግሞ። መስፈርቱን ካወጡት አንዱ ነኝና እዚሁ ልመልስልህ። ወሬ ወሬ ነው። አያት ስላወራችው ታሪክ አይሆንም። ደሴ ውስጥ ስንት ሰው ነው «አያቴ ሰገሌ ዘምቷል» የሚለው? የማውቀው ሰው ሁሉ አያቱ ሰገሌ ነበር፣ ያውም ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጎን፣ ያውም ጎራዴ መዝዞ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ወሎ በሙሉ ሰገሌ ከዋለ አገር ቤት ማን ቀርቶ ነው እኛ የተወለድነው?

ቦርከና ዳር፦
ሃሃሃ ይቺን ወድጃታለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማስታወቂያው «የደሴ ልጆች» ይላል። ኮምቦልቻ ትገባለች ወይስ አትገባም?

ጠመኔ፦
ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «የአያት ወሬ» ያላችሁት ነገር አሠራር አለው። ማን ነገረህ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ በዓይኗ አይታ ነው ወይስ ሰምታ፣ ከሰማች ከማን፣ ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ይህንኑ ይላል ወይ። ተማሪው ይህን ሁሉ መዝግቦ ከተጻፈው ጋር ያመሳክራል። አንዲት ተማሪዬ ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ስለደበደበበት ቀን ጽፋ አመጣችልኝ። አያቷ ከእናታቸው የሰሙትን ነው የነገሯት። «ኅዳር ጽዮን ካለፈች ሳምንት ሳይሞላ፣ በጠዋት» ብለዋታል። መጽሐፍ ግለጡ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ኅዳር ጽዮን 21 ናት። ቁጠሩት። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው መተኮሳቸው፣ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ቀይ መስቀል እያለበት መመታቱ በየመጽሐፉ አለ። ያልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱት ፎቶም አለ። የዚያች ልጅ ቅድመ አያት ግን ምጣድ ላይ ያለውን እንጀራ ሳታወጣ ልጇን አዝላ ወደ ጦሳ ተራራ ሮጣለች፣ ማታ ስትመለስ እንጀራው ከስሎ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ አገኘችው። ይሄ የትኛው ሰነድ ላይ ነው ያለው?

ጦሳ ስር፦
መምህር፣ አክብሬህ ነው፣ ይሄማ የአገር ታሪክ ሳይሆን የምጣድ ታሪክ ነው። ደግሞ አያትየው ከእናታቸው ነው የሰሙት ብለሃል። እኛ የአያት ወሬ ስንከለክል አንተ የቅድመ አያት ይዘህ መጣህ።

እቴቴ ሰኞ ገበያ፦
የምን ታሪክ? የምጣድ ታሪክ? ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ሰው ሰብስበው ግብር ሲያበሉ እንጀራውን ሰነድ ነው የጋገረው? ሴት ያወራችው ነገር ለምንድነው ሁልጊዜ ወሬ የሚሆነው። ወንድ ሲያወራው «ትውፊት» ትሉታላችሁ።

ጦሳ ስር፦
እቴቴ፣ የሴት ነው አላልኩም። አያት ማለት ወንድም ሴትም ነው።

እቴቴ ሰኞ ገበያ፦
ምጣድ ያልከው አንተ ነህ። ወንድ አያትህ ምጣድ ያሰማ ነበር?

የሙጋድ ልጅ፦
😂😂 በላ መልስ።

አብሽር፦
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልበላችሁ። ሰነድ ሰነድ ትላላችሁ፣ ሰነዱን የጻፈው ማን ነው? ቦሩ ሜዳን ውሰዱ። እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። 1870 ላይ አጼ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው ስንቱ ነገር ተወሰነ፣ ሙስሊሙ ክርስትና ይነሣ ተባለ፣ ኢማም መሐመድ አሊም ሚካኤል ተባሉ፣ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ማለት ነው። ይህን በብራና ያስቀመጠው የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው። እምነቴን አልለውጥም ብሎ የተሰደደውና የተደበቀው ሰው ቤት ውስጥ የቀረው ግን በመንዙማ ነው፣ በዱዓ ላይ በሚወራ ወሬ ነው። ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሄደ ሰው ያውቀዋል። እና ሼኾቹ በቃል ያቆዩልንን «ከወሬ የጸዳ» ብላችሁ ስታጸዱት ግማሹ ወሎ ታሪክ አልባ ሆነ ማለት ነው። ወላሂ አስቡበት።

ጦሳ ስር፦
አብሽር ያልከው ይገባኛል፣ ግን የራሴን ፍርሃት እኮ ነው ያነሳህልኝ። ስለ ቦሩ ሜዳ ሁለት ሽማግሌ ብትጠይቅ አንዱ ዕርቅ ነበር ይልሃል፣ አንዱ ግዴታ ነበር ይልሃል። የ18 ዓመት ልጅ የትኛውን ይጻፍ? እኛስ ዳኛ ሆነን የማንን አያት ውሸታም እንበል? አንዱን ብትጥል ነገ ወላጅ ደጅህ ላይ ነው። በሰነድ ሲሆን «ይኸው ገጹ» ብለህ ትገላገላለህ። እዚህ ከተማ እኮ በዝምድና እንተዋወቃለን።

ጠመኔ፦
ሁለቱንም ይጻፍ! ሁለት ሽማግሌ ለምን የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ የመረመረ ልጅ እሱ ነው ማሸነፍ ያለበት። «ይኸው ገጹ» ለዳኛ እንጂ ለተማሪ አይጠቅምም። አንተ የፈራኸው የወላጅ ጭቅጭቅ ነው፣ በአያት አታሳብብ።

ቦርከና ዳር፦
ኮምቦልቻስ?

ፒያሳ ጥግ፦
ሁላችሁም ዋናውን ትታችኋል። ድርሰቱ በምን ቋንቋ ነው? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪክ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ከሆነ ያው የግል ትምህርት ቤት ልጅ ይወስደዋል፣ አለቀ። አማርኛ ከሆነ ደግሞ በባቲና በከሚሴ በኩል ያለው ልጅ አያቱ የምታወራው በኦሮምኛ ነው፣ ማን ይተርጉምለት?

ጦሳ ስር፦
በአማርኛ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ አለ። ሳታነቡ አትናገሩ።

ፒያሳ ጥግ፦
እሺ አማርኛ። ቻትጂፒቲስ? ስለ ንጉሥ ሚካኤል ጻፍልኝ ስትለው በደቂቃ ያወርድልሃል። በሰነድ የተደገፈ ያላችሁትን እሱ ከልጆቹ በላይ ይጽፈዋል፣ ያልተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ፈጥሮ ይጠቅስላችኋል። የኔን አያት ግን አያውቃትም። ቁጥር 3 ኮራጁን ነው የሚጠቅመው።

ጦሳ ስር፦
ያላለችውን ብላለች ብሎ ይጽፍላታል! አያትህን አግኝተን «እማማ፣ ይህን ብለዋል ወይ» ብለን የምንጠይቀው ማን ነን?

ፒያሳ ጥግ፦
ለምን አትጠይቁም? ሰፈራችን ናት። ቡና አፍልታ ትጠብቃችኋለች። ስልክ ላይ ድምጿን ቀድቶ ያምጣ ብትሉም ያበቃ ነበር።

የሙጋድ ልጅ፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የዘንድሮ ተመራቂ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ 8ኛ ክፍል ነበር። ጥቅምት 2014 ከእናቱ ጋር የሐረጎን ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል በእግሩ የወረደ ልጅ አለ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቤቱ ተዘግቶ የከረመ አለ። ይህን ቢጽፍ የአያት ወሬ እንኳ አይደለም፣ ምስክሩ ራሱ ነው። ይፈቀዳል?

ጦሳ ስር፦
እሱ ገና ታሪክ አይደለም። ቁስሉ ሳይደርቅ ልጆችን እዚያ ውስጥ አንከትም። ሁሉም በየወገኑ ሊያነበው ነው።

እቴቴ ሰኞ ገበያ፦
ሰው ሁሉ ሞቶ ካለቀ በኋላ ታሪክ ይሆናል ማለት ነው? ያኔ ደግሞ የልጅ ልጆቹ ሲያወሩት «የአያት ወሬ» ብላችሁ ልትጥሉት። መቼ ይጻፍ ታዲያ?

አብሽር፦
እቴቴ አንደኛ!

ጦሳ ስር፦
ምንም ብትሉ፣ ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች የፈለጉት ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ነው። ልጆቻችን ማንበብ አቁመዋል። በ2016 ከተፈተነው ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር አቀፍ ደረጃ 5.4 በመቶ ብቻ ነው። ወይዘሮ ስህን ኮሌጅን በየቀኑ በበሩ የሚያልፍ ልጅ፣ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆኗን አያውቅም። ቤተ መጻሕፍት ይግባ፣ ገጽ ይገልብጥ ብለን ነው። አያቱንማ በየቀኑ ያገኛታል።

ጠመኔ፦
ያገኛታል እንጂ መቼ ይጠይቃታል? ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚያልፋት። ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ያልከው የቱን ነው? እኔ ለተማሪዎቼ ስለ ወሎ የተጻፈ መጽሐፍ ስፈልግ ከጓደኛ ተውሼ ፎቶ ኮፒ ነው የማደርገው።

ቦርከና ዳር፦
እኔ ግን እየጠየቅኩ ነው። ኮምቦልቻ ትገባለች? የጣሊያን መንገድ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ በ2009 የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ስንት የሚጻፍ ነገር አለ። የናንተ የደሴዎች አውሮፕላን እንኳ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው።

ፒያሳ ጥግ፦
አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ነው እንዴ? እናንተ ቢራ ፋብሪካችሁን ጻፉ።

ቦርከና ዳር፦
ቢራውን ስትጠጡትማ የኛ ነው አትሉም።

አብሽር፦
አቦ ተዉ፣ ሐረጎን መውጣትና መውረድ ነው ልዩነታችሁ።

የሙጋድ ልጅ፦
ለማንኛውም ቁጥር 3 ካልተሰረዘ እኔ መዋጮዬን አልሰጥም። ብዙ ልጆችም እንዲሁ ብለዋል።

ጦሳ ስር፦
ለካ እስካሁን አልሰጠህም? ይህን ሁሉ ስትጮህ የቆየኸው ሳትከፍል ነው?

የሙጋድ ልጅ፦
ቃል ገብቻለሁ።

ጦሳ ስር፦
ቃል ወሬ ነው። ደረሰኝ አምጣ።

ቦርከና ዳር፦
ደረሰኙን በኋላ ተባባሉ። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ኮምቦልቻ ነው የምትማረው። ትጻፍ ወይስ አትጻፍ?