የዚዳን ቴስታ ፈረንሳይን ዋንጫ አሳጥቷታል ወይስ አላሳጣትም? (ክርክር)

የካዛንቺሱ፦ ይሄን ነገር ዛሬ እንቋጨው። ሐምሌ 2 ቀን 1998፣ በፈረንጆቹ 2006፣ በርሊን። የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ፣ ጣሊያንና ፈረንሳይ 1 ለ 1፣ 110ኛው ደቂቃ። ዚነዲን ዚዳን የጣሊያኑን ተከላካይ ማቴራዚን ትቶት ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ ተመልሶ ደረቱን በቴስታ አለው። ቀይ! ጣሊያን በመለያ ምት 5 ለ 3 ወሰደችው። እኔ የምለው፣ ዋንጫውን ያሳጣቸው እሱ ራሱ ነው። አምበል ነህ፣ ጫማህን የምትሰቅልበት ጨዋታ ነው፣ የቀረህ 10 ደቂቃ ነው። የሰደበህን ሰው ዋንጫ አንስተህ አታቃጥለውም? አይደለም የሚል ይምጣ።

ሰማያዊው፦ መጣሁልህ። ለመሆኑ እዚያ ፍፃሜ ላይ ማን አደረሳቸውና ነው? ስፔንን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ያገባው እሱ። ብራዚል ላይ ኦንሪ ያገባትን በቅጣት ምት ያሻገረው እሱ። ፖርቹጋልን የጣሉባት ፔናሊቲ የእሱ። ፍፃሜው ላይ ደግሞ በ7ኛው ደቂቃ፣ ያውም የጣሊያኑ በረኛ ቡፎን ላይ፣ ፔናሊቲውን ቺፕ አድርጎ፣ አግዳሚ ነክታ መስመር አልፋ ወደቀች። በ34 ዓመቱ! ይሄን ልብ የት ታገኛለህ?

ጁቬ ደሜ፦ «ማን አደረሳቸው» ካልክ፣ ቶጎን 2 ለ 0 ያሸነፉት እኮ እሱ በሁለት ቢጫ ተቀጥቶ ቁጭ ብሎ ነው። እሱ የተሰለፈባቸው የምድቡ ጨዋታዎች ከስዊዘርላንድ 0 ለ 0፣ ከደቡብ ኮሪያ 1 ለ 1።

ሰማያዊው፦ ቶጎን እንደ ማስረጃ አመጣህብኝ? በል ተወኝ።

ቆጣሪው፦ ስሜቱን ትታችሁ መለያ ምቱን እንየው፣ ሁላችሁም እያለፋችሁት ነው። ጣሊያኖች አምስቱንም አገቡ፦ ፒርሎ፣ ማቴራዚ፣ ደ ሮሲ፣ ዴል ፒዬሮ፣ ግሮሶ። ከፈረንሳይ ዊልቶር፣ አቢዳልና ሳኞል አገቡ፣ የትሬዜጌ አግዳሚ መትታ ከመስመሩ ውጪ ወደቀች። የሳተ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ግሮሶ አምስተኛዋን ሲያስገባ አለቀ፤ የፈረንሳይ አምስተኛ መቺ ተራው እንኳን አልደረሰውም። እንግዲህ ዚዳን ሜዳ ላይ ቢኖርና እንደ ብዙ አምበሎች የመጨረሻዋን ለራሱ ቢያስቀምጥ፣ ቆሞ ከማየት ሌላ ምን ያደርግ ነበር? የመጀመሪያዋን ቢመታና ቢያገባስ? የትሬዜጌ አሁንም አግዳሚ ናት። ነገሩ የሚለወጠው ዚዳን በትሬዜጌ ቦታ ቢመታ ብቻ ነው፤ ያኔም አምስተኛው መቺ ካገባ ገና 5 ለ 5 ነው፣ ገና አንድ በአንድ ይቀጥላል።
ደግሞ የፈረንሳዩን አሰልጣኝ ዶሜኔክን ማንም አያነሳም። ቪዬራ በ56ኛው ተጎድቶ ወጣ፣ ሪቤሪ በ100ኛው፣ ኦንሪ በ107ኛው። ቀይ ካርዱ ሲመጣ ሦስቱም ቅያሪ አልቋል። ኦንሪን ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ያስወጣው ዚዳን አይደለም።

የካዛንቺሱ፦ ወንድሜ፣ ሂሳብህ ጥሩ ነው ግን የምትቆጥረው ከ120ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያች 10 ደቂቃ ነው። ከእረፍት መልስ ጀምሮ ኳሱ በፈረንሳይ እግር ነበር፣ ጣሊያኖች ደክመዋል። በ104ኛው ሳኞል አሻምቶለት ዚዳን በግንባር ገጭቶ ቡፎን በጣቱ ባያወጣት አልቆ ነበር። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ያ ግንባር ምን ላይ ዋለ? በአስር ሰው ሲቀሩ ጎል ፍለጋው ቀረ። ጣሊያን የምትፈልገው መለያ ምቱን ነበር፣ አገኘችው።

ቆጣሪው፦ ይሄኛውን እቀበላለሁ። «10 ደቂቃ አሳጣቸው» በል እንጂ «ዋንጫ አሳጣቸው» አትበል።

ሰብሊ፦ የተሰደበውን ሰው ብቻ ነው እንዴ የምትከሱት? የእህቱን ስም አንስቶ እንደሰደበው ማቴራዚ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ፊፋም ሁለቱንም ነው የቀጣው፤ ዚዳንን 3 ጨዋታና 7,500 የስዊዝ ፍራንክ፣ ማቴራዚን 2 ጨዋታና 5,000። ዚዳን በቴሌቪዥን ቀርቦ ያዩትን ልጆች ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን አልጸጸትም አለ። እኔ ወንድሜ ቢሆን አልቆጣውም።

ጁቬ ደሜ፦ ሰብሊ እህቴ፣ ያ የመጀመሪያው ቢሆን እሺ። በፈረንጆቹ 1998 የዓለም ዋንጫ የሳዑዲውን አምበል ረግጦ በቀይ ወጣ፣ ሁለት ጨዋታ አመለጠው፤ ፓራጓይን በብላን ወርቃማ ጎል (በጭማሪ ሰዓት ገብታ ጨዋታውን እዚያው በምትጨርስ ጎል) አምልጠው ባያልፉ ኖሮ ብራዚል ላይ በግንባሩ ያገባቸው ሁለት ጎሎች የሉም ነበር። በፈረንጆቹ 2000 ደግሞ በእኛ በጁቬንቱስ ማሊያ የሃምቡርግን ልጅ እንዲሁ በቴስታ መትቶ አምስት ጨዋታ ታገደ። በሙያው ሁሉ 14 ቀይ፣ ለዚያውም ኳስ አከፋፋይ! ስድብ የማይችል መሆኑን ተከላካዩ ሁሉ ያውቀዋል። ማቴራዚ ዕጣ አላወጣም።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ የፕላቲኒን የፈረንሳይ ቡድንስ አይታችኋል? በፈረንጆቹ 1982 የዓለም ዋንጫ ሴቪያ ላይ፣ ከምዕራብ ጀርመን ጋር በግማሽ ፍፃሜ፣ በረኛው ሹማኸር ባቲስቶንን በአየር ላይ ገጭቶ ራሱን አስቶ ጣለው፣ ጥርሱን አረገፈው። ዳኛው ፋውል እንኳን አልነፋም። ፕላቲኒ አምበል ነበር፤ የጓደኛውን እጅ ይዞ ቃሬዛውን ሸኘና ተመልሶ ተጫወተ፤ በመለያ ምቱም ያንኑ ሹማኸርን አገባበት። መናደድስ እሱ ነበር የሚገባው።

ሰማያዊው፦ ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ያን ቀን ማን አሸነፈ?

አንጋፋው፦ ጀርመን፣ 5 ለ 4። ያውም ፈረንሳዮች በጭማሪው ሰዓት 3 ለ 1 ከመሩ በኋላ።

ሰማያዊው፦ ይኸው! የታገሠውም የተናደደውም በመለያ ምት ተሸነፈ። ቆጣሪው ልክ ነው ማለት ነው።

አንጋፋው፦ አንተ ልጅ፣ ፕላቲኒ ከሁለት ዓመት በኋላ በአውሮፓ ዋንጫ በ5 ጨዋታ 9 ጎል አግብቶ ዋንጫውን አነሳ። ለዚዳን ከበርሊን በኋላ ቀጣይ ጨዋታ አልነበረውም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

የካዛንቺሱ፦ ጋሼ ጨረሱት። ሰማያዊው፣ ለዚህ መልስ አለህ?

ሰማያዊው፦ አለኝ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳሱን ማን ወሰደ?

ጁቬ ደሜ፦ እሱን የሰጡት ጋዜጠኞች ናቸው። የዓመቱ ባሎን ዶር ሲመጣ የጣሊያኑ አምበል ካናቫሮ ወሰደው። ቀጥል።