ነገ 9 ሰዓት ጨዋታ አለ፣ ወረቀቱን ግን ማንም ማንበብ አልቻለም! (ሐዋሳ)

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ ቶሎ ድረሱልን። ነገ ቅዳሜ 9 ሰዓት እንጫወታለን። አዲሱ የካራክተር ወረቀት (የእያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ችሎታና ቁጥር የሚጻፍበት) ዛሬ ፕሪንት ተደርጎ መጣ፣ ፊደሉ ጉንዳን አክሏል። ሁለቱ ልጆች «አይታየንም፣ ከዚህ በኋላ በቃን» ብለዋል። ቡድኑ እንዳይበተንብኝ። ወረቀቱን ከኤ4 ወደ ኤ3 የሚያሳድግ፣ ዛሬ ማታ ክፍት የሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት የት አለ?

ታቦር ግርጌ፦
የትኛው ጨዋታ? ስንት ሰው? «ልጆች» ያሏቸውስ ዕድሜያቸው ስንት ነው?

ሐይቅ ዳር፦
ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ገጸ ባሕርይ ሆነን በዳይስ የምንጫወተው የታሪክ ጨዋታ)፣ 5ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ። ከእኔ ጋር 6 ነን፣ መሪው እኔ። ደረጃ 6 ደርሰዋል። ልጆች ያልኩት በፍቅር ነው፣ ሁሉም ከ50 በላይ ናቸው። ኤ3 የት?

ፒያሳ ማዶ፦
የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ፕላን የሚያወጡበት ቤት ይሞክሩ። ማሽኑ ላይ 141% በላቸው፣ ኤ4 ልክ ኤ3 ይሆናል። አርብ ማታ ግን ቶሎ ይዘጋሉ።

ባለ ሃያ ጎን፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኤ3 አያድናችሁም። ፊደሉ 8 ነጥብ ከሆነ በ141% አድጎ 11 ብቻ ነው የሚሆነው። ለደከመ ዓይን የሚታተም ጽሑፍ ከ16 እስከ 18 ነጥብ ነው። ደግሞ ኤ3 42 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብ ጠረጴዛው 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 6 ወረቀት ዙሪያውን ሲዘረጋ ወደ መሃል ይደራረባል፣ ዳይስ መጣያም አይኖርም።

ችግሩ ከፊደሉ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር መብዛቱ ነው። በአንድ ጨዋታ ላይ አንድ ተጫዋች ከዚያ ሁሉ ሣጥን የሚያየው ሩቡን ቢሆን ነው። ዋናውን ወረቀት እርስዎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ኤ4ን ለሁለት ቆርጠው በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ይጻፉለት። በ18 ነጥብ ልክ ሲጻፍ ግማሽ ወረቀት ላይ 25 መስመር ገደማ ይገባል። ከበቂ በላይ ነው። ለምሳሌ ተዋጊው እንዲህ ይሁን፦

ተዋጊ፣ ደረጃ 6
መከላከያ 18 / ሕይወት 52
ሰይፍ +7፣ ሁለቴ፣ ጉዳት 1ዲ8+4
መቋቋም፦ ጉልበት +7፣ ጽናት +5
ትንፋሽ መመለስ 1ዲ10+6፣ በዕረፍት መሃል አንዴ
አክሽን ሰርጅ (አንድ ተጨማሪ እርምጃ)፣ በዕረፍት መሃል አንዴ

«1ዲ8+4» ማለት አንድ ባለ 8 ጎን ዳይስ ጥሎ 4 መደመር ነው። ልብ በሉ፣ «የጉልበት 4 እና የልምድ 3» ሳይሆን የተደመረውን «+7» ነው የጻፍኩት። ድምሩን ዛሬ ማታ እርስዎ ጨርሱት፣ ነገ ማንም ጠረጴዛ ላይ እንዳይደምር። አሁን ያለው ሕይወት በእርሳስ፣ ሌላው ሁሉ በእስክሪብቶ።

ሌንስ፦
ዓይንን በተመለከተ በደንብ ላስረዳ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየደደረ ይሄዳል፣ ቅርብ ያለን ነገር ለማየት መጉበጥ ያቅተዋል። የንባብ መነጽር የሚረዳው በተወሰነ ርቀት ላይ ብቻ ነው፤ 1ን ለቁጥሩ ብታካፍሉት ርቀቱ በሜትር ይመጣል። +2.50 መነጽር 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያጠራል፣ ለመጽሐፍ ልክ ነው። ጠረጴዛው መሃል ያለው ካርታና ዳይስ ግን 65 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሰውየው መነጽሩን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ የሚውለው ለዚህ ነው፣ በመጨረሻ ሲደክመው «በቃኝ» ይላል። +1.50 ወደ 67 ሴንቲ ሜትር ያያል። ፊደሉ ትልቅ ከሆነ ያው +1.50 ወረቀቱንም ዳይሱንም ይችላል፣ ስለዚህ ትልቁ ፊደልና ደከም ያለው መነጽር አብረው ነው የሚሠሩት። ለሩቅም መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን ይህ ሒሳብ አይሠራለትም፣ ይለካ። ድንገት በአንድ ዓይኑ ብቻ የደበዘዘበት ካለ ደግሞ ጨዋታውን ትቶ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አቶቴ ሰፈር፦
141% በሏቸው፣ ኤ3 ይሆናል።

ባለ ሃያ ጎን፦
ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ እንጂ።

ሐይቅ ዳር፦
ካርዱን ጀመርኩ፣ እውነትም ይታያል። ላሚኔት ላስደርገው?

ሦስተኛ በረካ፦
እንዳያደርጉት ጋሼ! ላሚኔት መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፣ የተጻፈው ይጠፋል። እርሳስም አይይዝም። ማስታወቂያ የሚሠራበት ያ ደረቅ ካርቶን ወረቀት ይሻላል።

ዳይሱንም ይዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ላይ ወርቃማ ቁጥር ያለው ከሆነ ለብቻው ያስቀምጡት፣ ቆንጆ ነው ግን አይነበብም። ጥቁር ላይ ነጭ ወይም ነጭ ላይ ጥቁር። ቁጥሩ የደበዘዘ ከሆነ ነጭ አክሪሊክ ቀለም ጉድጓዱ ውስጥ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። 6ና 9 ሥር ነጥብ አድርጉ።

መጣያ ደግሞ ሰፌድ ይሁን። ዳይስ መሬት ሲወድቅ ጠረጴዛ ሥር የሚያጎነብሰው ወገብ እኮ ነው ችግሩ! ግን ባዶውን ሰፌድ አትጠቀሙ፣ ስፌቱ ላይ ዳይሱ ተንጋዶ ይቆምና ክርክር ይነሳል። ፎጣም ያንጋድዳል። ቀጭን የኮት ጨርቅ ወጠር አድርጎ ማንጠፍ ነው።

ታቦር ግርጌ፦
እኔ የማልስማማው በሌላ ነገር ነው። ጋሼ፣ «አይታየንም» ያሉት ሰዎች ድካማቸው የዓይን ብቻ ይመስልዎታል? ስንት ሰዓት ነው የምትቀመጡት?

ሐይቅ ዳር፦
ከ9 እስከ 2፣ አንዳንዴ 3 ሰዓት።

ታቦር ግርጌ፦
ይኸው! 5 ሰዓት፣ ያውም ግማሹ በጨለማ። 2 ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከ9 እስከ 11 ተኩል፣ መስኮቱ ዳር፣ በፀሐይ ብርሃን። ከ12 ሰዓት በኋላ እየመሸ ሲሄድ ደህና ፊደልም ይደበዝዛል። ቡናውን ሰዓት አድርጉት፦ አቦል ከመጀመሩ በፊት፣ ቶና 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም ተነስቶ እግሩን ሲያፍታታ፣ በረካ ሲያበቃ። ዕጣኑ ከጠረጴዛው ይራቅ፣ ዓይን ያቃጥላል።

ጊዜውን የሚበላው ውጊያ ነው። የጭራቆቹን ጉዳት አይጣሉ፣ መጽሐፉ አማካዩን አስቀምጦታል፦ 1ዲ8+3 ያለው ጎን 7 ተጽፏል፣ 7 በሉና እለፉ። ተጫዋቾቹም የመምቻውንና የጉዳቱን ዳይስ አንድ ላይ ይጣሉ። ሲጀመር «ባለፈው ምን ነበር» የሚለውን እርስዎ አይናገሩ፣ ከእነሱ አንዱ 5 ዓረፍተ ነገር ይበል። የረሱት ነገር ያኔ ይወጣል። የሰዎቹንና የከተሞቹን ስም ደግሞ ሁሉም በሚያየው አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለጥፉ።

ፒያሳ ማዶ፦
ጆሮው ደከም ያለ ካለ ከመሪው ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት፣ አፍዎን እንዲያይ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ኳስም ቢኖር።

መብራት ከጠፋ የስልክ ባትሪውን ወደ ላይ አዙራችሁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ጠርሙስ አቁሙበት፣ ብርሃኑ ይበተናል። እንዲሁ ከተበራ ግን ፊት ለፊት ያለውን ሰው ያሳውራል።

አቶቴ ሰፈር፦
ለዚህ ሁሉ ጣጣ ካርታ ብትጫወቱ አይሻልም? ይሄ የወጣት ነገር ነው።

ሌንስ፦
ጨዋታው የወጣው እኮ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ያኔ በ15 ዓመቱ የጀመረ ሰው ዛሬ ከ60 አልፏል። የማን እንደሆነ አንተው አስላው።

ሐይቅ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። 4 ካርድ ጻፍኩ። የቀረው ዊዛርዱ (አስማተኛው) ነው፣ አስማቱ ግማሽ ወረቀት ላይ አይገባም። በእሱ የሚጫወተው ሰው ደግሞ ከሁለቱ ኩርፈኞች አንዱ ነው!

ባለ ሃያ ጎን፦
የሚያውቀውን ሁሉ አይጻፉለት፣ ያዘጋጀውን ብቻ። በ2014ቱ ሕግ የማሰብ ጉርሻው ከደረጃው ጋር ይደመራል፦ ጉርሻው 4 ከሆነ ከ6 ጋር 10 አስማት። ለእያንዳንዱ አንድ ትንሽ ካርድ፣ ላዩ ላይ አራት ነገር ብቻ፦ ስም፣ ርቀት፣ ስንት ዳይስ፣ ጠላት በምን ይቋቋማል። ቃል በቃል መገልበጥ ከፈለጉ መሠረታዊ ሕጎቹ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቀዋል፣ ኮምፒውተር ላይ ማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ለጥፈው በ18 ነጥብ ያውጡት። እዚያ የሌለውን አስማት በእጅ። የአስማት ስሎቶቹን (በየእርከኑ ስንት ጊዜ አስማት መጠቀም እንደሚችል) ግን አይጻፏቸው፦ 4 ነጭ ባቄላ ለ1ኛ እርከን፣ 3 ቀይ ለ2ኛ፣ 3 ሽንብራ ለ3ኛ። ሲጠቀም አንዱን ወደ ሲኒው ይጥላል፣ የቀረውን በጣቱ ይቆጥራል።

ሦስተኛ በረካ፦
ሽንብራው ጥሬ ይሁን፣ የተቆላ ከሆነ 10 ሰዓት ሳይሞላ 3ኛ እርከን ተበልቶ ያልቃል።