በዐቢይ ጾም ራስን መመርመር፦ ጌታን አብነት ማድረግ በተግባር እንዴት ነው?

ዘአራት ኪሎ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የቸገረኝ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ አይደለም። ጌታ ስለጾመ እንጾማለን እንላለን፤ ታዲያ እሱን እያየሁ ራሴን የምመረምረው በምን መንገድ ነው? ማታ «ዛሬ ምን አጠፋሁ» ስል ወይ ምንም አይመጣልኝ፣ ወይ ሁሉም ተደባልቆ ይመጣል። ቢሮ ለሚውል ሰው የሚሆን ነገር ንገሩኝ።

የቆሎ ተማሪ
ወንድሜ፣ ማቴዎስ 4ን ያዝ። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀን 40 ሌሊት ጾሞ በሦስት ነገር ተፈተነ። መምህራኑ «ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ (ገንዘብን በመጥላት) ድል ነሣ» ይላሉ። ማታ በእነዚህ በሦስቱ ብቻ ራስህን ጠይቅ።

ስስት፦ 9 ሰዓት ሲሞላ እንዴት በላህ? ፒያሳ የጾም ኬኩም የጾም በርገሩም ሞልቷል፤ ሕጉን ሳይሽሩ ሆድን ማምለክ ይቻላል። ከምሳ የተረፈው ብርስ የት ገባ? ለነዳያን ካልደረሰ ቁጠባ ነው።

ትዕቢት፦ ሰይጣን «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው መቅደስ ጫፍ ላይ አውጥቶ ነው። ስለዚህ ይሄን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ጀምረህ ጠይቅ፦ ነጠላ ለብሰህ የተነሣኸውን ፎቶ የለጠፍከው ማን እንዲያይልህ ነው? ማኪያቶ የያዘውን ባልደረባህንስ በምን ዓይን አየኸው?

ፍቅረ ንዋይ፦ ላንተ ዋናው ይሄ ነው። ፋይሉ ጠረጴዛህ ላይ እያለ «ነገ ተመለስ» ያልከው ባለጉዳይ አለ? «የሻይ» ጠብቀህ ከሆነ ስሙ ጉቦ ነው። «ቅዳሴ ልድረስ» ብለህ የሾለክበት የሥራ ሰዓትም እዚሁ ይገባል።

ወለተ ማርያም
ስለ አጻጻፉ ልጨምር፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። «ተቆጣሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በማን ላይ? ምን ተብሎ? ዕርቅስ? «ባለቤቴን ልጆቹ ፊት ሰደብኳት፤ ይቅርታ አልጠየቅኋትም» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ መልሰህ አንብበው፤ «ምክንያቱም እሷ» የሚል ካገኘህ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰርዝ፤ እሱ የሷ ኑዛዜ ነው። በቀን ከሦስት መስመር አትለፍ፣ ገጽ ሙሉ የሚጽፍ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል። ስልክ ላይ አይጻፍ፤ ወረቀቱም ከኑዛዜ በኋላ ይቀደድ።

የጾሙን እሑዶች ወንጌልም ተጠቀምበት። ምኩራብ በሚባለው እሑድ ጌታ ነጋዴዎቹን ከመቅደስ ሲያስወጣ ታያለህ። በመፃጉዕ እሑድ የሚነበብለት በሽተኛ 38 ዓመት የተኛው «ሰው የለኝም» እያለ ነበር፤ ያን ሳምንት ያልጠየቅኸውን ታማሚ ሄደህ ጠይቅ። ገብርኄር የሚባለው እሑድ ደግሞ የመክሊቱ ምሳሌ የሚነበብበት ነው፤ ያላደረግኸውን የምትቆጥርበት። ይሄኛውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

ዘአራት ኪሎ
ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የጻፍኩትን ይዤ ራሴ ስግደት ብጨምርበትስ?

ዲያቆን ነኝ
አይሆንም ወንድሜ። ቀኖና፣ ማለትም ለንስሐ የሚታዘዘውን ስግደትና ጾም፣ የሚሰጠው የንስሐ አባትህ ነው። ራሱ ላይ መቶ ስግደት የሚጭን ሰው ወይ ጉልበቱን ይጎዳል ወይ ይኮራበታል። ቅዳሜና እሑድ፣ ከቆረብክ በኋላም የቀኖና ስግደት የለም።

ጊዜውን ልብ በል። በሰሙነ ሕማማት ኑዛዜ ስለሌለ ከሆሳዕና በፊት ማለቅ አለበት። ሆሳዕና ሲቃረብ ካህናቱ ፋታ የላቸውም፤ እስከ ገብርኄር ብትጨርስ ቀኖናህን ለመፈጸምም ጊዜ ታገኛለህ።

የወሰድከው ገንዘብ ካለ ደግሞ ኑዛዜ ብቻውን አይበቃም። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ነው። ባለቤቱ ከጠፋ ምን እንደምታደርግ አባትህን ጠይቅ፤ በራስህ ወስነህ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ አትክተተው።

ዘአራት ኪሎ
የንስሐ አባት ባይኖረኝስ?

ዲያቆን ነኝ
አጥቢያህ ሄደህ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ፤ ከካህናቱ ጋር ያገናኙሃል። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ቅዳሴ ሲወጣ ብትሄድ ታገኛቸዋለህ።