ደብረ ብርሃን ላይ ሊሠራ የታሰበው የሞቀ ውሃ ሕክምና ማዕከል፦ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ምን ልበል?

የጠባሴዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከተማችን ውስጥ ማዕከል ሊሠራ አቅዷል። የሞቀ ውሃ ገንዳ ይኖረዋል፤ ፊዚዮቴራፒው ውሃው ውስጥ ይሰጣል። ከጎኑ የአካል እንቅስቃሴ አዳራሽ አለ። ስትሮክ የመታቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋውያን፣ በጦርነቱ የተጎዱ፣ እንደ ልጄ ያሉ ሕፃናት፣ ሁሉም እንዲገለገሉበት ነው የታሰበው። ቅዳሜ ነዋሪውን ሰብስበው ሐሳብ ሊጠይቁ ነው። በበተኑት ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ገንዳው ይቅደም ወይስ አዳራሹ ሰፋ ብሎ ይሠራ?

እኔ ልቤ ገንዳው ጋ ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ሁለቱም እግሮቹ ይገተራሉ። የደብረ ብርሃንን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲመጣ፣ ጠዋት ሱሪ ማልበስ ራሱ ትግል ነው። እግሩ እንደ ዱላ ይደርቅብኛል። ውሃ አሙቄ ሳፋ ውስጥ ሳስቀምጠው ግን ትንሽ ቆይቶ ላላ ይላል። ራሱ ጉልበቱን ይዞ ይዘረጋዋል። ይስቃል። ባለሙያው ያሳየኝን እግር የማፍታታት ሥራ የምሠራለት ያኔ ነው። አሁን ግን አድጓል፤ ሳፋው አይችለውም። እግሩ ሲገባ ወገቡ ውጭ ይቀራል። ወገቡን ሲበርደው ደግሞ ሁሉም ነገር ተመልሶ ይገተራል።

ጻድቃኔ ማርያም ወስጄዋለሁ፤ ወደፊትም እወስደዋለሁ። እባካችሁ ጸበልና ሕክምናን አታጋጩብኝ። ለእኔ ሁለቱም አሉኝ።

ስብሰባው ላይ ግን «የሚጠጣ ውሃ በወጉ ሳናገኝ ገንዳ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው እንደሚነሳ አውቃለሁ። አነጋገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ እናቱ ስለሆንኩ ብቻ አልቅሼ መቀመጥ አልፈልግም። የምታውቁ ንገሩኝ። ውሃው በእርግጥ ይጠቅማል? ምን ያህል ያስወጣል? ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ፊዚዮ ነኝ

እህቴ፣ ሳፋው ውስጥ ያየሽው ነገር እውነት ነው። ሙቀት የተገተረ ጡንቻን ያላላል፤ ሕመምንም ያስታግሳል። ሌላው ጥቅም የውሃው መሸከም ነው። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም እግሩ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ ግማሽ ገደማ ነው። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። መሬት ላይ መቆም ያቃተው ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ እርምጃ መለማመድ የሚችለው ለዚህ ነው። ቢንገዳገድም ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚጥለው፤ ለመያዝ ጊዜ ይሰጣል።

ማስረጃውንም ሳላጋንን ልንገርሽ። ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ መሸርሸር በደንብ ተጠንቷል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ግምገማ 13 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ የውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስና መንቀሳቀስን እንደሚያቀል፣ ጥቅሙ ግን የአጭር ጊዜ እንደሆነ ደምድሟል። ለሴሬብራል ፓልሲ ማስረጃው ከዚያ ያነሰ ነው። ልጆቹ ግን ስለሚወዱት ሥራውን አይሸሹም፤ ይህን በየጊዜው አያለሁ። ለአንድ ሕፃን ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ፦ ውሃው ብቻውን አያድንም። ውሃ ውስጥ የተገኘው እንቅስቃሴ መሬት ላይ ካልተደገመ ይጠፋል። ስለዚህ ገንዳውና አዳራሹ ባይለያዩ ይሻላል። ትንሽ ገንዳ፣ መጠነኛ አዳራሽ። ዋና የሚዋኝበት ገንዳ አያስፈልግም። ለሕክምና አራት በስምንት ሜትር፣ ጥልቀቱ ከደረት የማያልፍ ይበቃል። ሙቀቱ ከ33 እስከ 36 ዲግሪ መሆን አለበት። 28 ዲግሪ ለዋናተኛ ጥሩ ነው፤ ለልጅሽ ግን እግሩን መልሶ ይገትረዋል።

ሁሉም ሰው እንደማይገባም ይታወቅ። ክፍት ቁስል፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ በመድኃኒት ያልተረጋጋ የልብ ድካም ያለበት ሰው መጀመሪያ ያን ይታከማል። ሳይመረመር የሚያስገባ ማዕከል ካየሽ ጥለሽ ውጪ።

የሮቢት ሰው

የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ። እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ስትሮክ መቶኝ ግራ ጎኔ ደክሟል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለምን ደብረ ብርሃን? እናንተ 2,840 ሜትር ላይ ነው የተቀመጣችሁት። እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እኛ ዘንድ ጣራ ላይ ያለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ እጅ ያሞቃል። ውሃ ለማሞቅ የሚወጣው ገንዘብ ለባለሙያ ደሞዝ ይሆን ነበር።

ከእኛ ወደ እናንተ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታርማበርን በጉምና በጭነት መኪና መሃል ተሻግሮ፣ አንድ እጅና አንድ እግር ይዞ ሚኒባስ ላይ መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ስደርስ የማረፍበት ቤት ከሌለ ሕክምናው ከደረሰብኝ ድካም አይበልጥም።

አዳራሹን ግን አትናቁት። እኔ የሚያስፈልገኝ ግራና ቀኝ የምይዘው ብረት፣ ደረጃ የምለማመድበት ትንሽ መወጣጫ፣ ከጎኔ የሚቆም ሰው ነው። ሌላም አለ። ከታመምኩ ወዲህ ቤት ነው የምውለው። ወዳጆቼ መጀመሪያ ይመጡ ነበር፤ ኋላ ኑሮ ያዛቸው፤ አልፈርድባቸውም። እንደ እኔ የተያዘ ሰው አጠገቤ ሲራመድ ባይ ግን እኔም እነሣ ነበር። ይህን ቅዳሜ ንገሪልኝ።

ቧንቧና መብራት

የውሃና የመብራት ሥራ ላይ ነኝ። ሒሳቡን ልሥራላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ይጠቅማል።

ፊዚዮው ያለውን ገንዳ እንውሰድ፤ 8 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2። ይህ 38 ሺህ ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከ14 ዲግሪ ተነሥቶ 34 ለማድረስ 900 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ይህ ገንዳው ሲሞላ የሚወጣ ነው። በየቀኑ አይደገምም፤ ሰው ይህን አያውቅምና አስረዱ። ውሃውም በየቀኑ አይደፋም። እየተጣራና በክሎሪን እየታከመ ይዞራል፤ የጎደለው ብቻ ይተካል። ስለ መጠጥ ውሃ ለሚነሣው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

በየቀኑ ገንዘብ የሚበላው ሌላ ነው። ሙቀቱ የሚያመልጠው በብዛት በላይ በኩል፣ በትነት ነው። የእኛ አየር ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ ይብሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰው በሌለበት ሰዓት ገንዳው ይሸፈናል? ግድግዳውና ጣራው ሙቀት የሚይዝ ነው ወይስ ባዶ ቆርቆሮ? የፀሐይ ማሞቂያ ታስቧል? ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁ፤ በበጋ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ኃይለኛ ነው። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ለእነዚያ ወራት ሌላ ማሞቂያ ግድ ይላል።

መብራት ሲጠፋስ? የተሸፈነ ገንዳ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ያ አያስፈራም። የሚያስፈራው ፓምፑ መቆሙ ነው። የሞቀ ውሃ ክሎሪንን ቶሎ ይጨርሳል። ማጣሪያው ቆሞ ሰው ከገባ በሽታ ይዛመታል። ለፓምፑ የሚሆን ጄኔሬተር፣ ክሎሪኑንና ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መጠን) በየቀኑ የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። መዝገቡም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም ገብቶ ይየው።

ጋሼ፣ ስለ ሮቢት ያሉት ልክ ነው፤ ማሞቂያው እዚያ በብዙ ይቀንሳል።

ሒሳብ ሠራተኛ

በበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ ላይ ስለቆየሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሕንፃ መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው። ለጋሽ ሪባን የሚቆረጥለትን ነገር ይወዳል። ከአራት ዓመት በኋላ የክሎሪንና የደሞዝ ወጪ የሚሸፍነውን ግን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ቅዳሜ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከተከፈተ በኋላ በዓመት ምን ያህል ያስወጣል፣ ማን ይከፍላል?» ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ መልስ ከሌላቸው ገና አልደረሱም ማለት ነው።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቶቹ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩም ይፈቅዳል። ይህ በር ነው። አዳራሹ ማታ ማታ ለጤነኛው ሰው በክፍያ ቢከፈት፣ የሚችለው ሲከፍል የማይችለው በነፃ ይታከማል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ አመቺ መሆን ግዴታ ነው። በሩን ብቻ ሳይሆን መጸዳጃውንና ልብስ መቀየሪያውን በዊልቸር ገብታችሁ ፈትሹ።

የጠባሴዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እያነበብኩ ደብተር ላይ ጻፍኩት።

ጋሼ፣ የእርስዎን ቃል እንዳለ አቀርበዋለሁ። ሮቢት ይሠራ የሚለውን ግን አልደግፍም፤ አይቆጡኝ። የእርስዎን ታርማበር እኔ ልጄን ይዤ ቁልቁል ልወርደው ነው። መሐል ሜዳ ያለች እናት፣ እነዋሪ ያለች እናትስ? ሁሉም መንገድ ደብረ ብርሃን ላይ ነው የሚገናኘው። ግን ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የማረፊያ ክፍል ይኑር፤ ሮቢት ላይ ደግሞ ገንዳ ባይኖርም አዳራሽና አንድ ባለሙያ ይኑር። ይህን እጠይቃለሁ።

ማንም ያላነሣውን አንድ ነገር ደግሞ እኔ እላለሁ። ከውሃው ሲወጣስ? ልጄ ከሳፋ ወጥቶ ፎጣ እስክጠቀልልበት ባለችው ጊዜ ነው እግሩ ተመልሶ የሚገተረው። ገንዳው 34 ዲግሪ ሆኖ ልብስ መቀየሪያው በረዶ ከሆነ ድካማችን ሁሉ በር ላይ ይቀራል። የሞቀ ልብስ መቀየሪያ፣ ትልቅ ልጅ የሚያስተኛ ሰፊ አልጋ፣ ለእናት ወገብ የሚራራ ማንሻ። ልጄ ከባድ ሆኗል፤ አቅፌ ደረጃ መውረድ አልችልም። እነዚህ ከሌሉ ገንዳው ይቅርብኝ፤ ገንዘቡ ለአዳራሹና ቤት ለቤት ለሚሄድ ባለሙያ ይዋል። አቋሜ ይህ ነው፦ በየቀኑ ሞቆ የሚቆይ፣ እስከ በሩ የሚሞቅ፣ ወይም ከነጭራሹ ይቅር። በበጋ ተከፍቶ በክረምት የሚዘጋ ከሆነ ልጆቻችንን አስለምዶ መከልከል ነው።

ፊዚዮ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ። ልጄን አልፎ አልፎ ይጥለው ነበር። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ቆሟል። ውሃ ይከለከል ይሆን?

ፊዚዮ ነኝ

በመድኃኒት ከተያዘ ብዙውን ጊዜ አይከለከልም። የሚከታተለው ሐኪም ግን በጽሑፍ ይፍቀድ። መድኃኒቱን በሰዓቱ የወሰደ ቀን ብቻ ይግባ። ውሃው ውስጥ አንድ ሰው ለእሱ ብቻ ይመደብ፣ ዳር ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ይቁም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። «ለአንድ ሕፃን አንድ ሰው» የሚለውንም ደብተርሽ ላይ ጨምሪው፤ የሠራተኛ ቁጥር የሚወሰነው በእሱ ነው። ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ።